መርሳት ያልቻሉት የሒሳብ ሊቅ

በ1954 በለንደን ከተማ ለመሐንዲሶች ማኅበር አባላት ያልተለመደ ትዕይንት ቀርቦ ነበር። መድረኩን የያዙት ሰው ዘፋኝም ተዋናይም አልነበሩም፤ የኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ነበሩ። የንግግራቸው ርዕስ የቃል ስሌት ጥበብ ነው። ወረቀትና እርሳስ ሳይሹ ታላላቅ ቁጥሮችን ያባዛሉ፣ ያካፍላሉ፣ ስኩዌር ሩት ያወጣሉ፤ መንገዱንም ለታዳሚው ደረጃ በደረጃ ይገልጣሉ። ያደመጧቸው ሁሉ በስሌት የሠለጠኑ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ በመሣሪያ የሚሠሩትን እኒህ ሰው በጸጥታ ቆመው በአእምሯቸው ይሠሩት ነበር።

ስማቸው አሌክሳንደር ክሬግ ኤይትከን ይባላል። በዘመናቸው በዓለም ከታወቁት የቃል ስሌት ሊቃውንት ሁሉ ቀዳሚው እርሳቸው እንደ ነበሩ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች መስክረውላቸዋል። ሰዎች በተሰጥኦአቸው ተደንቀዋል፤ ተማሪዎቻቸውም ሒሳብ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን ከእርሳቸው ተምረዋል። ይሁን እንጂ ያ ድንቅ ትውስታ ለባለቤቱ ቀላል ሸክም አልነበረም። ቁጥርን አልረሳ ያለው አእምሮ ጦርነትንም አልረሳም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤይትከን የተወለዱት ሚያዝያ 1 ቀን 1895 በኒውዚላንድ ደቡባዊ ደሴት፣ በኦታጎ ግዛት ዋና ከተማ በዱኒደን ነው። አያታቸው በ1868 ከስኮትላንድ ላናርክሻየር ተነሥተው ወደ ኦታጎ የፈለሱ ገበሬ ነበሩ። አባታቸውም ሥራ የጀመሩት በዚያው እርሻ ላይ ነው፤ በኋላ ግን ወደ ከተማ ገብተው የሸቀጣ ሸቀጥ ንግድ ከፈቱ። አሌክሳንደር ለቤተሰቡ ከተወለዱት ሰባት ልጆች የመጀመሪያው ነበሩ።

ገና በልጅነታቸው በቁጥር የተለየ ፍቅር ነበራቸው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን እንዲያ አይደለም። ሒሳብ ለልጁ አሌክሳንደር ከሌሎች ትምህርቶች የተለየ አልነበረም። ነገሩ የተለወጠው በኦታጎ የወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ፣ መምህራቸው በአንድ የአልጀብራ ክፍለ ጊዜ እንደ ዋዛ በጣሉት ምሳሌ ነው። ምሳሌው 47ን በራሱ ስለ ማባዛት ነበር።

ነገሩን በእርሻ ማሳ ብንመስለው ይበልጥ ይገለጥልናል። እያንዳንዱ ጎኑ 47 ሜትር የሆነ ማሳ አለ እንበል። ከአንዱ ጎን 3 ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርሰን በሌላው ጎን ብንለጥፈው፣ ማሳው 50 በ44 ሜትር ይሆናል፤ ከቁራጩ ጫፍ ደግሞ 3 በ3 ሜትር የሆነች ትንሽ መደብ ትተርፋለች። 50 ጊዜ 44፣ 2 ሺህ 200 ነው። በተረፈችው መደብ 9 ካሬ ሜትር ስንጨምርበት 2 ሺህ 209 እናገኛለን። ወረቀት ላይ ሲሠራ ብዙ መስመር የሚፈጀው ማባዛት በአንድ ትንፋሽ አለቀ ማለት ነው። የመሬት ልኬት የሚያውቅ አንባቢ 98ን በራሱ ለማባዛትም ይኸው መንገድ እንደሚያገለግል ወዲያው ይረዳል፤ 100 ጊዜ 96 ብሎ 4 መጨመር ብቻ ነው፤ መልሱም 9 ሺህ 604 ይሆናል።

ወጣቱ ኤይትከን ከዚያ ቅጽበት በኋላ ወደ ኋላ አልተመለሱም። ለአራት ዓመታት ያህል አእምሯቸውን በቁጥር አሠለጠኑ። ቁጥሮችን አፍርሰው ገነቧቸው፤ የትኛው ቁጥር ከየትኛው ጋር እንደሚዛመድ፣ የትኛው ለየትኛው ሳይተርፍ እንደሚካፈል ለይተው አወቁ። በኋላ ዘመን ሰው ሁሉ ከሰማይ የወረደ ጸጋ አድርጎ ያየው ችሎታ፣ እርሳቸው ራሳቸው እንደሚያምኑት፣ ከተሰጥኦው ሌላ የዓመታት ልምምድ ፍሬ ነበር።

በ1913 ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ቋንቋዎችንና ሒሳብን ማጥናት ጀመሩ። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ሳይቋጭ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተቀጣጠለ፤ ኤይትከንም በ1915 በኒውዚላንድ ጦር ውስጥ ተመዝግበው ዘመቱ። በመርከብ ጉዞው ላይ አንድ ርካሽ ቫዮሊን በዕጣ ለአንድ ባልንጀራቸው ደረሰና፣ ባልንጀራው ለእርሳቸው ሰጣቸው። ኤይትከን ሙዚቃን ከቁጥር አስበልጠው የሚወድዱ ሰው ነበሩ። ያ ቫዮሊን ከእርሳቸው ጋር ጋሊፖሊ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ግብጽ፣ ከግብጽም ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። ወታደሮቹ ሸክም ቢበዛባቸውም ቫዮሊኑን እየተጋገዙ ያጓጉዙላቸው ነበር፤ በምሽግ ውስጥ የሚሰማ ዜማ ለሁሉም ዕረፍት ነበርና።

ስለ ትውስታቸው ከሚነገሩት ሁሉ እጅግ የታወቀው ታሪክ የተፈጸመው በ1916 ነው። በሰሜን ፈረንሳይ አርማንቲዬር አጠገብ በተደረገ የሌሊት ውጊያ የነበሩበት አነስተኛ የጦር ክፍል ክፉኛ ተመታ። ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ቆሰለና ማን እንደ ተረፈ ለማወቅ የስም መዝገቡ ተፈለገ፤ መዝገቡ ግን ጠፍቶ ነበር። እንቅልፍ ያጡትና የደከሙት ኤይትከን የእያንዳንዱን ወታደር ሙሉ ስምና የመለያ ቁጥር ከአእምሯቸው እያወጡ አንድ በአንድ አስመዘገቡ። መዝገቡ በፊታቸው ተዘርግቶ የሚያነቡት ያህል ነበር።

ይህን ታሪክ ብዙ ጸሐፊዎች እንደ ድንቅ ችሎታ ማሳያ ይጠቅሱታል። ኤይትከን ግን በድል የሚያስታውሱት ነገር አልነበረም። በዚያ ሌሊት ከጠሯቸው ስሞች መካከል የሙታን ስሞች ነበሩ። መዝገቡን ከአእምሯቸው ማውጣት ቻሉ እንጂ ከአእምሯቸው ማጥፋት አልቻሉም።

በዚያው ዓመት መስከረም በሶም ውጊያ ላይ ቆሰሉ። በእንግሊዝ ሆስፒታል ከታከሙ በኋላ በ1917 ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በዱኒደን በሕክምና ላይ ሳሉም የጦርነቱን ትውስታ በጽሑፍ ማስፈር ጀመሩ። ያ ጽሑፍ መጽሐፍ ሆኖ የታተመው ግን ከ40 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው።

ከጦርነቱ መልስ ትምህርታቸውን ቀጥለው በ1920 ተመረቁ። የሚገርመው፣ በላቀ ማዕረግ የተመረቁት በፈረንሳይኛና በላቲን ነው፤ በሒሳብ ያገኙት ማዕረግ ሁለተኛ ደረጃ ነበር። በዚያው ዓመት በኦታጎ ዩኒቨርሲቲ የዕጽዋት ሳይንስ መምህርት የነበሩትን ዊኒፍሬድ ቤትስን አገቡ፤ በተማሩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ቋንቋ ማስተማር ጀመሩ። የሒሳብ ውጤታቸው እንደ ጠበቁት ባይሆንም ተስፋ አልቆረጡም፤ በ1923 ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ስኮትላንድ ኤደንብራ ተሻገሩ።

በኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ የተቀበሏቸው ታዋቂው የሒሳብ ሊቅ ኤድመንድ ዊታከር ነበሩ። ኤይትከን ለፒ ኤች ዲ ያቀረቡት የጥናት ሥራ እጅግ ከመላቁ የተነሣ ዩኒቨርሲቲው ከዚያ የሚበልጠውን የሳይንስ ዶክተር ማዕረግ ሰጣቸው። ጥናቱ ገና ሳይጠናቀቅ በ1925 መምህር ሆነው ተቀጠሩ፤ በ1936 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አባልነት ተመረጡ፤ በ1946 ደግሞ በዊታከር ወንበር ተተክተው ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1965 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ አልተለዩም።

በመማሪያ ክፍል የነበራቸው ስም ከማዕረጋቸው በላይ ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፉትን ትተው ለጥቂት ደቂቃ የቃል ስሌት ሲያሳዩ አዳራሹ በሙሉ ጸጥ ይል ነበር። ዓላማቸው ግን ራሳቸውን ማስደነቅ ብቻ አልነበረም። ተአምር የሚመስለው ነገር ውስጡ ሲታይ ሥርዓት ያለው መንገድ መሆኑን ይገልጡ ነበር።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው 4ን ለ47 እንዲያካፍሉ የተጠየቁበት ጊዜ ነው። ኤይትከን ጥቂት ዝም ብለው የአስርዮሽ አሐዞቹን በተመጠነ ምት አንድ በአንድ መጥራት ጀመሩ፤ ዜሮ ነጥብ ዜሮ፣ ስምንት፣ አምስት፣ አንድ፣ ዜሮ፣ ስድስት፣ ሦስት እያሉ። 46 አሐዞች ከጠሩ በኋላ ከዚህ ወዲያ ቁጥሩ ራሱን እንደሚደግም አስታወቁ። ሰሚው በ47 እያካፈሉ የሄዱ ይመስለዋል። እርሳቸው ግን ሌላ መንገድ ነበር የመረጡት። 47 በ17 ሲባዛ 799 ይሆናል፤ 4ም በ17 ሲባዛ 68 ይሆናል። ስለዚህ 4ን ለ47 ማካፈልና 68ን ለ799 ማካፈል አንድ ነው። 799 ደግሞ ከ800 የሚያንሰው በአንድ ብቻ ነው፤ ለ800 ማካፈል ለ8 ከማካፈል አይከብድም። ቀሪው ሥራ የአንዷን ልዩነት እያረሙ ወደ ፊት መሄድ ነው። ችሎታው በፍጥነት ብቻ ሳይሆን ከማስላት በፊት ቀላሉን መንገድ በማየት ላይ የተመሠረተ ነበር።

ሌላው ዝናቸው ፓይ ከተባለው ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። ፓይ የአንድ ክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚገኘው፣ አሐዞቹ የማያልቁና የማይደጋገሙ ቁጥር ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሻንክስ በ1873 እስከ 707 አሐዝ አስልተውት ነበርና፣ ኤይትከን ይህን ሁሉ በቃላቸው ያዙት። በ1940ዎቹ ግን የሻንክስ ስሌት ከ528ኛው አሐዝ ጀምሮ ስሕተት መሆኑ ተደረሰበት። ኤይትከንም የተሳሳተውን ትተው ትክክለኛውን አጠኑ፤ እስከ 1 ሺህ አሐዝም ደረሱ። አሐዞቹን በአምስት በአምስት ከፋፍለው፣ አምሳ አምሳውን በአንድ ረድፍ አድርገው፣ ልክ እንደ ዜማ በምት ይጠሯቸው ነበር። ይህን ያህል ቀላል ባይሆንላቸው ኖሮ የማይረባ ድካም ይሆን እንደ ነበር ራሳቸው በቀልድ ይናገሩ ነበር።

በኤደንብራ የነበሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኢያን ሀንተር የኤይትከንን አእምሮ ለዓመታት አጥንተዋል። ከተጠኑት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ በአንድ ወቅት እርስ በርስ የማይያያዙ 25 ቃላት ተነብበውላቸው ነበር፤ ከ27 ዓመታት በኋላ ሲጠየቁ ቃላቱን በሙሉ መልሰው ጠሯቸው። ምስጢሩ ሲጠየቁ ሰዎች ለማስታወስ የሚጠቀሙባቸውን ልዩ ልዩ ዘዴዎች እንደማይወዱ ይገልጡ ነበር። ሰው በነገሩ ከልቡ ከተማረከና ሰውነቱን ዘና ካደረገ ትውስታ በራሱ ጊዜ ይመጣል የሚል እምነት ነበራቸው። አጥብቆ መሸምደድ ለእርሳቸው ከንቱ ድካም ነበር።

በለንደኑ መድረክ ግን ኤይትከን ስለ ኪሳራም ተናግረዋል። በ1923፣ በ28 ዓመታቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሌት ማሽን ሲሠሩ ታላላቅ ቁጥሮችን በቃል ማባዛት ፋይዳ እንደሌለው ተሰማቸው። ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል የነበራቸው ችሎታ ሳያስቡት ቀነሰ። ማሽኑ በተስፋፋ መጠን የቃል አስሊዎች ዘመን እንደሚያከትም አስቀድመው አይተዋል። ዛሬ በየገበያው ሦስት ኪሎ ምስር ለመሸጥ ስልክ ከኪስ የሚወጣበት ዘመን ላይ ሆነን ስናስበው፣ ግምታቸው ልክ ነበር። እርሳቸው ግን ማሽኑን አልጠሉም። የቆጫቸው ስሌቱ ሳይሆን ከቁጥር ጋር የነበረው ቅርርብ መጥፋቱ ነበር።

የዚህ ቅርርብ ፍሬ በመድረክ ብቻ አልቀረም። ኤይትከን ከዲ ኢ ራዘርፎርድ ጋር በመሆን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የታሰቡ አነስተኛ የሒሳብ መጻሕፍት ተከታታይ ኅትመት በአርታኢነት መርተዋል፤ እርሳቸው ስለ ማትሪክስና ስለ ስታቲስቲክስ የጻፏቸው ሁለት መጻሕፍት በ1939 የታተሙት በዚሁ ተከታታይ ነው። በርካታ የሒሳብ ትውልድ በእነዚህ መጻሕፍት ተምሯል።

በግብርናው ዓለም ያሉ ባለሙያዎችም ስማቸውን ሳያውቁት የኤይትከን ባለዕዳዎች ናቸው። የሰብል ምርምር የሚሠራ ሰው መረጃ የሚሰበስበው ከብዙ የሙከራ መደቦች ነው። ሁሉም መደብ እኩል አይታመንም፤ የአንዱ አፈር ወጥ ሲሆን የሌላው ይለዋወጣል፤ ጎን ለጎን ያሉ መደቦችም በአንድ እርጥበትና በአንድ ለምነት ስለሚነኩ ውጤታቸው ይያያዛል። ሁሉንም መረጃ በእኩል ዓይን ማየት ለተሳሳተ ድምዳሜ ይዳርጋል። ኤይትከን በ1930ዎቹ አጋማሽ ባቀረቡት ሥራ ለእያንዳንዱ መረጃ እንደ አስተማማኝነቱና እንደ ዝምድናው ተገቢውን ሚዛን ሰጥቶ ከሁሉ የተሻለውን ግምት ማግኘት እንደሚቻል አረጋገጡ። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ በስታቲስቲክስ መጻሕፍት ውስጥ ከስማቸው ጋር ይጠራል። የዛሬ የምርምር ኮምፒውተሮች በቅጽበት የሚሠሩት ስሌት መሠረቱ በከፊል ያ ነው።

ሽንፈት የገጠመው ጉዳይም ነበራቸው። ኤይትከን ሰው በአሥር መቁጠሩን ትቶ በአሥራ ሁለት ቢቆጥር እንደሚሻለው አጥብቀው ያምኑ ነበር። አሥር ሳይተርፍ የሚካፈለው ለ2 እና ለ5 ብቻ ነው፤ አሥራ ሁለት ግን ለ2፣ ለ3፣ ለ4 እና ለ6 ይካፈላል። ነጋዴ ዕቃን በደርዘን መሸጡ፣ ሰዓትም በአሥራ ሁለት መከፈሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ብሪታንያ ገንዘቧን በአስርዮሽ ለመከፋፈል ስትመክር በ1962 የተቃውሞ ጽሑፍ አሳተሙ። የሰማቸው አልነበረም፤ እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1971 አገሪቱ ገንዘቧን በአስርዮሽ አደረገች።

በ1963 ደግሞ በወጣትነታቸው የጀመሩት የጦርነት ትዝታ ከጋሊፖሊ እስከ ሶም በሚል ርዕስ ታተመ። መጽሐፉ ከሒሳብ ሥራዎቻቸው የተለየ ነው። ውስጡ ጀግንነት አይሞገስም፤ ጠላትም አይረገምም። የተራ ወታደሮችን ኑሮ፣ ጭቃውን፣ ጥበቃውንና ሞቱን በተረጋጋ ቋንቋ ይተርካል። በቀጣዩ ዓመት የሮያል ሥነ ጽሑፍ ማኅበር አባል አድርጎ መረጣቸው። ሒሳብና ሥነ ጽሑፍ በአንድ ሰው ላይ እንዲህ የሚገናኙበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ መጻፍ አላራገፈላቸውም። ጦርነቱ ካለቀ ከአሥርታት በኋላም የሶም ሌሊቶች በየጊዜው ተመልሰው ይመጡባቸው ነበር። ሌላው ዘማች ዕድሜ ሲገፋ ፊቶች ይደበዝዙበታል፤ ስሞች ይጠፉበታል፤ ያም በራሱ አንድ ዓይነት ፈውስ ነው። ኤይትከን ይህ ፈውስ አልተሰጣቸውም። የወደቁት ባልንጀሮቻቸው ከነስማቸው፣ ከነመለያ ቁጥራቸው፣ ከነድምፃቸው ነበሩ። በሕይወታቸው ደጋግሞ ያጠቃቸው የመንፈስ ጭንቀት ከዚህ ጋር የተሳሰረ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታትም ጤናቸውን ክፉኛ ጎዳው። በእነዚያ ጊዜያት የሚጠጉት ወደ ቁጥር ሳይሆን ወደ ሙዚቃ ነበር፤ ቫዮሊንና ቪዮላ ይጫወቱ ነበር፤ ዜማም ይደርሱ ነበር።

ፕሮፌሰር አሌክሳንደር ክሬግ ኤይትከን ኅዳር 3 ቀን 1967 በ72 ዓመታቸው በኤደንብራ አረፉ።

በዱኒደን በተማሩበት ትምህርት ቤት ዛሬም ያ ርካሽ ቫዮሊን በክብር ተቀምጦ ይታያል። ብዙ ጎብኚ የሚያየው ከጦርነት የተረፈ ዕቃ አድርጎ ነው። ታሪኩን የሚያውቅ ግን በዚያ ምሽግ ውስጥ ሲጫወት ያደመጡትንና ያልተመለሱትን ወታደሮች ያስባል፤ ስማቸውን እስከ ዕለተ ሞቱ ያልረሳውን ሰውም አብሮ ያስባል።